ያልተበጠሰው ገመድ

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ስዘረዝር ይህን እየዘለልኩ አልፌዋለሁ። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለጋሼ ሰይድ አልተናገርኩም፤ ለእርሱማ በተለይ። አንተ ይህን ወረቀት የያዝክ ሰው ምናልባት አታውቀኝም። ይሻላል።

ገመዱ አልተበጠሰም። ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ ረሃቡ ወሎን ባራቆተበት ጊዜ፣ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም እህል በሚያመላልስ መኪና ላይ ጭነት አሳሪ ነበርኩ። ሃያ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ሾፌሩ ጋሼ ሰይድ የደሴ ሰው ነው፤ ድምፁ ከሞተሩ ይበልጣል። ግጥም እንደምሞካክር ያውቃል። ከየኔታ ዘንድ የወጣሁት ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ ነው፤ የቀረውን ከሲሚንቶ ከረጢትና ከአሮጌ ጋዜጣ ለቀምኩት። በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ስጽፍ ሲያየኝ፣ «ባለቅኔው! ቅኔህ ኩንታል ይይዛል እንዴ? ተነስና ገመድህን ሳብ!» ይለኝ ነበር። እስቅ ነበር። ስድቡ አይከፋም ነበር።

የእህል ጭነት እየቆየ ይሰምጣል። ደሴ ላይ በጉልበትህ ተጭነህ ያጠበቅከው ገመድ፣ ኮረኮንቹ ግማሽ ቀን ሲንጠው ይላላል። ስለዚህ ደንብ ነበረን። ትልቁ ቁልቁለት አናት ላይ መኪናው ይቆማል። ጭነቱ ላይ የተሳፈረው ሁሉ ወርዶ ቁልቁለቱን በእግሩ ይጨርሳል፤ ጉልበት የከዳው ብቻ ከላይ ይቀራል። እኔ ገመዶቹን አንድ በአንድ፣ ዱላ አስገብቼ እየጠመዘዝኩ፣ ደግሜ አጠብቃለሁ። ስጨርስ ስፖንዳውን፣ የመኪናውን የጎን ሳንቃ፣ በመዳፌ ሁለት ጊዜ እመታለሁ። ጋሼ ሰይድ ሁለቱን ምት ሳይሰማ ማርሽ አያስገባም። ከዚያ ጎማ ሥር የሚወተፈውን እንጨት ይዤ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ።

ያን ቀን ከላይ የቀሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ መሪጌታ ክንፈ። ከመካነ ሰላም ወዲያ ባለ ደብር ቅኔ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቻቸው ለምነው የሚያመጡት ቁራሽ ሲጠፋ ጉባኤው ተበተነ። ለቀሩት አራት ልጆች እህል ሊጠይቁ ደሴ ድረስ ሄደው፣ ባዶ እጃቸውን እየተመለሱ ነበር። እግራቸው አብጧል።

የቅኔ መምህር አጠገብ ቆሜ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያውን ገመድ አጥብቄ ቀና አልኩ።

«መሪጌታ፣ አንዲት ግጥም ነበረችኝ። ቢሰሙልኝ።»

«ሥራህስ?»

«አልቋል።»

አላለቀም። አራት ገመድ ነበር። ያጠበቅኩት አንዱን ነው።

ኩንታሉ ላይ ወጥቼ ተንበርክኬ አነበብኩላቸው፦

አፈሩ ዝም አለ፣ ሰማዩም ዝም አለ፣
የተራበ ሆድ ነው ሲናገር የዋለ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። «ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«ያስታውቃል። አለንጋ ያልቀመሰ ግጥም ነው» ብለው ሳቁ። ሳቁ አስሳላቸው። «ቤት መትቶልሃል። ግን ሆድ ብቻ ነው ያለበት፣ ሰው የለበትም። ሰው ጨምርበትና መልሰህ አሰማኝ።»

ከታች ጋሼ ሰይድ ጮኸ፦ «ባለቅኔው! ጸሎት ላይ ነህ ወይስ ሥራ ላይ? ጠበቀ?»

ዘልዬ ወረድኩ። ሦስቱን ገመዶች አየኋቸው። በጣቴ ስነካቸው ይወዛወዙ ነበር። «ቆይ ጋሼ፣ ይቀረኛል» ማለት እችል ነበር። ይሰድበኝ ነበር፣ ከዚያ በላይ ምንም። ታዲያ ምን ያዘኝ? ስድቡን መሪጌታ እንዳይሰሙብኝ ነው? አልቋል ያልኳቸው ውሸት መሆኑን እንዳያውቁብኝ ነው? ወይስ ሰው ጨምርበት ያሉኝን እያሰብኩ እጄ ሰነፈ? አላውቅም። የማውቀው ስፖንዳውን ሁለት ጊዜ መምታቴን ነው። አፌ ዝም ብሎ እጄ ዋሸ። በሁለቱ መሃል ልዩነት እንዳለ ራሴን ላሳምን ዓመታት ደክሜያለሁ።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ጭነቱ ሄደ። ከኋላ ሆኜ አየሁት። የላይኞቹ ኩንታሎች፣ ተኝቶ እንደሚገላበጥ ሰው፣ ቀስ ብለው ወደ ገደሉ በኩል ዞሩ። መሪጌታም አብረው ዞሩ፤ ኩንታሎቹ መንገዱ ዳር በላያቸው ተከመሩ። አልጮኽኩም።

ጋሼ ሰይድ ፍሬን ይዞ ወረደ። «ያረቢ! ያረቢ!» እያለ ኩንታል ይጎትት ጀመር። «ና አንሳ! ከሥር ናቸው! ና አንሳ!»

እኔ ከመኪናው በወዲያኛው ጎን ነበርኩ። ገመዱ እንደታሰረ ተንጠልጥሏል፤ አልተበጠሰም፣ ልል ነው። የሥራው ሰው አንዴ ቢያየው ያውቃል። አንዱ ከተበጠሰ ግን የሌሎቹን መላላት ማንም አይጠይቅም። ኪሴ ውስጥ ቢላዋ ነበር፤ ቢላዋ የቆረጠው ያስታውቃል። ድንጋይ አነሳሁ። ገመዱን ሌላ ድንጋይ ላይ አስተኝቼ ቀጠቀጥኩት፣ ፈተግኩት፣ ክሩ እስኪንጨፈረር። «ና አንሳ!» እያለኝ ቆረጥኩት። ስሜን እየጠራ ቆረጥኩት። ምን ያህል ቆየሁ? አቡነ ዘበሰማያት አንድ ጊዜ የሚደገምበትን ያህል? ሁለት ጊዜ? መሪጌታ ያኔ ይተነፍሱ ነበር? ሁለት ሆነን ብናነሳ ይተርፉ ነበር? እኔ ስደርስ አይተነፍሱም ነበር።

በእግር የወረዱት ደረሱ። እህል ፈሶ ስለነበር የአካባቢው ሰዎችም መጡ። ማንም አላለቀሰም፤ ለቅሶ ጉልበት ይፈልጋል። ከአቧራው ውስጥ ፍሬ ፍሬ ይለቅሙ ጀመር። አንዲት ሴት ደም የነካውን እየለየች ለብቻ ታስቀምጥ ነበር። በኋላ እሱንም ቀላቀለችው። ቆሜ አየኋት። ምን ተሰማኝ? ምንም። ስንዴ መሆኑን ብቻ አስተዋልኩ።

መካነ ሰላም ላይ ኮሚቴ ተቀመጠ። አብዮቱ ገና ትኩስ ነበር፤ የረሃብተኛ እህል መደፋቱ አሻጥር ነው ተባለ። የተቆረጠውን ገመድ ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ጋሼ ሰይድ አንስቶ ጫፉን በጣቶቹ አገላበጠ። ሃያ ዓመት ገመድ የያዙ ጣቶች ናቸው። ያውቃሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«አርጅቷል» አለ። «አዲስ ማስገዛት የኔ ፋንታ ነበር። ዛሬ ነገ ስል...»

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «አሳሪው አንተ ነህ? ቁልቁለቱ ላይ ደግመህ አጥብቀሃል?»

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ሰይድ ቀደመኝ። «ልጁን ተዉት እንጂ! ገመድ ከተበጠሰ አሳሪ ምን ያድርግ?»

ተዉኝ። እርሱ ሁለት ዓመት ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱን ተቀማ። እኔ በሌላ መኪና ሥራዬን ቀጠልኩ። የመሪጌታ አራት ተማሪዎች የት እንደደረሱ አልጠየቅኩም።

ልጅ ነበርክ አትበለኝ። ኩንታል የማስር ሰው ነበርኩ። ዘመኑ ነው፣ ረሃቡ ነው አትበለኝ። እኔ ያን ቀን በልቼ ነበር።

ጋሼ ሰይድ ከእስር ወጥቶ አሁን ደሴ መናኸሪያው አጠገብ ጎማ ይጠግናል። ጭኖ የሚወጣ መኪና ሲያይ ሥራውን ጥሎ ይነሳል። «አንተ! ገመድህ ስንት ዓመቱ ነው?» ይላል። ወጣቶቹ ያሾፉበታል። «የገመድ ሐኪም መጣ፣ ትኩሳቱን ለካው!» ይባባላሉ። እርሱ ግን በጣቱ ሳይነካ አይለቃቸውም።

ባለፈው ዓመት እኔን አይቶ ጠራኝና አዲስ ገመድ አወጣልኝ። ጥቅሉ ገና አልተፈታም።

«ለኔ ነው ጋሼ?»

«ለማን ሊሆን ነው? ያ ነገር ልብህ ውስጥ እንዳለ ፊትህ ላይ ይታየኛል። አብሽር። ጥፋቱ የኔ ነው። ይኼ አይበጠስብህም።»

ተቀበልኩት። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

አሁን ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በእርሱ ገመድ አስራለሁ። ቁልቁለቱ አናት ላይ አራቱንም ደግሜ አጠብቃለሁ፤ ተመልሼም እነካቸዋለሁ። ይህ ካሳ አይደለም። ሥራዬ ነው፤ ያን ቀንም ሥራዬ ነበር። ግጥሟ ዛሬም ሁለት ስንኝ ናት።

ይህን ስጀምር ይቅርታህን ልጠይቅ አስቤ ነበር። ግን አንተን ምን በድዬሃለሁ? ይቅር ማለት የሚችለው ሰው፣ ይህን ከምጽፍበት ክፍል ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ፣ ጎማ ላይ አጎንብሷል። ሲደበድብ ይሰማኛል። ሄጄ አንዲት ነገር ብነግረው ይበቃ ነበር፦ ጋሼ፣ ገመዱ አልተበጠሰም።

አልሄድኩም። ጻፍኩት። ጋሼ ሰይድ ማንበብ አይችልም፤ ይህንንም አውቄ ነው የጻፍኩት።