ለቅሶ ያልተደረሰበት ቤት

ከግልገል በለስ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። የምሠራበት ጤና ጣቢያ በመተከሉ ግርግር ከተዘጋ ወራት አልፎት ነበር። ደብረ ማርቆስ አንድ የግል ክሊኒክ የላብራቶሪ ባለሙያ ይፈልጋል ሲባል እናቴ «ሂጂ፤ ያገርሽ ሰው አይደል? ምን ያስፈራሻል?» አለችኝ። እኛ ጉሙዞች ነን፤ ደብረ ማርቆስ ከኛ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ባሕር አልተሻገርኩም፣ ፓስፖርትም የጠየቀኝ የለም። እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። መኪናው ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ቆሞ ሳለ፣ ከጎኔ ያለው ወንበር ግን ባዶውን ነበር።

ከዚያ ቤት ፍለጋ። በስልክ «ቤቱ አለ፣ ነይ» ያሉኝ ሁሉ በር ከፍተው ሲያዩኝ «ውይ፣ አሁን ተያዘ» ይላሉ። ሦስት ቤት ዓይኔ እያየ ተያዘ። አራተኛዋ እትዬ አለሚቱ ነበሩ።

«ከየት ነሽ?»

«ከመተከል።»

«አይ፣ አገርሽን ማለቴ ነው። ሱዳን ነሽ?» አማርኛ የማልሰማ መስሏቸው ቀስ እያሉ ይጮኻሉ።

«ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ እትዬ።»

«ስምሽስ?»

«ብርሃኔ።»

«ብርሃኔ!» ብለው ሳቁ። «ስም ያወጣልሽ ሰው በጨለማ ነው እንዴ ያየሽ?»

እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ቤት ያስፈልገኝ ነበራ። የጓሮዋን ክፍል ሰጡኝ። ቧንቧውን እንዳልነካ፣ ውሃ እሳቸው እንደሚቀዱልኝ ነገሩኝ። ደግነት መስሎኝ አመሰገንኩ። ሌሎቹ ተከራዮች ራሳቸው ሲቀዱ ያየሁ ዕለት ነው የገባኝ።

ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሽማግሌ መርፌ ስይዝ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ሌላ ሰው የለም ወይ?» አሉ። አልነበረም። ፊታቸውን አዙረው ደሙን ሰጡኝ። ስመረምረው ከኔው ጋር አንድ ዓይነት ነው። አልነገርኳቸውም፤ በሽታ ላይ በሽታ ይሆንባቸዋል ብዬ። መንገድ ላይ የሚጠሩኝን ያችን ቃል አልጽፋትም፤ ታውቋታላችሁ። የማሽላ ገንፎና ባሚያ በሕልሜ እበላለሁ። እዚህ ሰው «እንጀራ ትበያለሽ?» እያለ ይጠይቀኛል።

በስድስተኛው ወር እድር ልግባ ብዬ የሰፈሩን የእድር ዳኛ አነጋገርኩ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ።

«ቅር አይበልሽ ልጄ፣ ነገሩ የዘር አይደለም። ግን ብትሞቺ የት ልንቀብርሽ ነው?»

«ሰው የሚቀበርበት።»

«ክርስቲያን ነሽ?»

«ክርስትና ስሜ ወለተ ማርያም ነው።»

«ተይ እንጂ!» አሉ። ከዚያ «ያም ሆኖ ደንቡ ላይ አንቺን የመሰለ አልተጻፈም» አሉኝ።

«እርስዎን የመሰለ ተጽፏል?»

ሳቁ። «ጉባኤው ይመክርበታል» ብለው እስከ በር ሸኙኝ። ጉባኤው እስካሁን እየመከረ ነው።

የእናቴ ሞት የተነገረኝ በስልክ ነው። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር መሄድ አልቻልኩም። ፍራሼን መሬት ላይ አውርጄ፣ በሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ወግ ነውና ሰው ይመጣል ብዬ። ጩኸቴን ሰምተው እትዬ አለሚቱ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«እናቴ ሞተች።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ደንግጠዋል፤ እሱን አልክድም። «እናንተም እንዲህ ታለቅሳላችሁ?» አሉኝ። ለክፋት አልነበረም፤ እውነት ሳያውቁ ቀርተው ነው የጠየቁኝ። እሱ ነው የገደለኝ። «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ሄዱ፤ ገብተው አልተቀመጡም። ሦስት ቀን በሩን ሳልዘጋ ዋልኩ። ሌላ ሰው አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ደወለ። እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ብቻውን አይተኛም፤ መንደሩ ሁሉ መሬት ላይ አብሮት ያድራል። እሱም የሚጨነቀው ለዚያ ነው።

«ሰው መጣልሽ?»

«መጣ። ቤቱ ጠበበን።»

«ተመስገን!» ብሎ አለቀሰ። «ብቻሽን ያለሽ መስሎኝ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። እስቲ ስልኩን ለአንዳቸው ስጪልኝ፣ ላመስግናቸው።»

ክፍሌን አየሁ። ፍራሹ፣ የተከፈተው በር፣ ባዶው ግቢ።

«አሁን ገና ወጡ» አልኩት።