የአንሶላ አጣቢዋ ግዝት

በ2008 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ እሠራበት የነበረው የአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት በራሱ ሥራም ሆነ በአቅራቢዎቹ ዘንድ በግዴታ የሚሠራ ሰው አለመኖሩን በጽሑፍ አረጋገጠ። ላሊበላ ላይ የእንግዶቹን አንሶላ የምታጥበው ወጣት ያለ ደመወዝ እንደምትሠራ፣ ከምትሠራበት ቤትም ለቅቃ መሄድ እንደማትችል ድርጅቱ ያውቅ ነበር። ያሳወቅሁት እኔ ነኝ። ከጽሑፉ ግርጌ፣ ምርመራውን አካሄደች ተብሎ የሰፈረውም የእኔ ስም ነው።

የሕግ ዶክተር ነኝ። ማዕረጉን የምጠቅሰው ለክብር አይደለም፤ በአለማወቅ ማመካኘት እንዳልችል ነው። በዚያ ዓመት እንግዶች የሚልክልን የውጭ አገር ድርጅት፣ ከምንከራየው መኪና አንሥቶ እንግዶቹ እስከሚተኙበት አልጋ ድረስ ማን በምን ሁኔታ እንደሚሠራ መርምረን እንድናሳውቀው ጠየቀ። መጠይቁን ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁ፦ በር ይቆለፋል ወይ፣ መታወቂያ ይወሰዳል ወይ፣ ዱላ አለ ወይ፣ በዕዳ የተያዘ አለ ወይ። ምንም ያላመለጠኝ መስሎኝ ነበር። ወደ ላስታ የተላክሁትም የአገሩ ልጅ ስለሆንሁ ነው።

እንግዶቻችን ይምርሐነ ክርስቶስን ተሳልመው ሲመለሱ የሚያርፉበት ሆቴል አንሶላውን የሚያሳጥበው ከከተማው ዳር ባለ አንድ ግቢ ነበር። ግቢው የአክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እኅት ነው። ይህንኑ ለሥራ አስኪያጁ ወዲያው ደውዬ ነገርኋቸው።

«እንዲያውም ጥሩ» አሉኝ። «ከዘመድ የሚደበቅ የለም።»

አክስቴን ያገኘኋቸው ፀሐይ ላይ በተሰጡት አንሶላዎች መካከል፣ ጥጥ ከምትፈትል ጎረቤታቸው ጋር ተቀምጠው ነው።

«እትዬ፣ የግቢው በር ይቆለፋል?»

«የቱ በር? ይኸ?» ሳቁ። «ይኸን የሚዘጋው ነፋስ ነው። ሲያሰኘውም ይከፍተዋል።»

«የልጅቷ ደመወዝስ?»

«ለክርስትና ልጅ ደመወዝ! እናትሽ አንቺን ውኃ ስትልክሽ ስንት ትከፍልሽ ነበር፣ ዶክተሪት?»

«ይተዋት እባክዎ» አለች ጎረቤታቸው እንዝርቷን ሳታቆም። «የሰው ልጅ አክስቱን ሊጠይቅ ሲመጣ ስኳር ይይዛል፤ የእርስዎዋ ጥያቄ ይዛ መጣች።»

መጠይቁ በዚያ ቢያበቃ ኖሮ ግቢው ንጹሕ ነበር። በሩ አይቆለፍም፤ መታወቂያዋ በእጇ ነው፤ የሚመታት የለም፤ ዕዳም የለባትም።

ወጣቷን ለብቻዋ ያገኘኋት ምንጩ ዳር ነው። ከኮን ከተማ በላይ ካለ ቀበሌ የመጣች ናት። ክርስትና ያነሧት፣ እናቷ ስትሞትም ወደ ቤታቸው ያመጧት አክስቴ ናቸው። ሳሙናው የጣቶቿን ቆዳ ልጦታል።

«መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኋት።

«እንዴታ! ታናሽ እኅቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ የመጀመሪያዋ ነው። ባሏ ለቀን ሥራ ወደ ቆላ ወርዷል። በጥር ትወልዳለች፤ ከእኔ በቀር ሰው የላትም።»

«ታዲያ ማን ያዘሽ?»

«ግዝት አለብኝ።»

ሌላ አገር ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ የእምነት ጉዳይ ነው ብሎ ያልፋል። እኔ ማለፍ አልችልም። ቄስ በእግዚአብሔር ስም ያሰረውን የጣሰ ሰው ከቁርባን ይለያል፤ ቢሞት ከቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም ብለው ያስተማሩን ሁለታችንንም አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ ምን ያደርጋል?

የገዘቷትን ቄስ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጠብቄ መስቀላቸውን ተሳለምሁና ጠየቅኋቸው። አልሸሸጉኝም።

«ደላላ ዐረብ አገር ሊወስዳት ነው ብለው ክርስትና እናቷ እያለቀሱ መጡ። ያለ እሳቸው ፈቃድ ከቤታቸው እንዳትለይ ብዬ ገዘትሁ። አንሶላ አላልሁም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ይፍቷታ፣ አባ።»

«ያስገዘቱት መጥተው ይፈታላት ይበሉኝ። በዚያችው ሰዓት እፈታታለሁ።»

አክስቴ ለቄሱ አልዋሹም። በዚያ ሰሞን የአካባቢው ልጃገረዶች በቆቦ በኩል እየወረዱ ይጠፉ ነበር፤ ደላላውም በእርግጥ ቤታቸው ድረስ መጥቷል። ግዝቱ የተጣለው ልጅቷን ከባርነት ለማዳን ነው። ደላላው ሄደ፤ ከዚያ ሆቴሉ አንሶላውን ላከ፤ ግዝቱም እንዳለ ቆየ። ይፈታላት ብዬ ስለምናቸው የሰጡኝ መልስ አጭር ነው።

«ከገና በኋላ። እንግዳው ሁሉ ሊገባ ነው። እሷ ብትሄድ ማን ያጥባል? አንቺ?»

አዲስ አበባ ተመልሼ ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ነገር ጠየቅሁ። ሥራው ከአክስቴ እንዳይነጠቅ፤ ነገር ግን ሆቴሉ በድርጅታችን ስም ሰው ልኮ፣ ግዝቱ ከገና በፊት እንዲፈታና ለምታጥበው ሁሉ ደመወዝ እንዲከፈል ቅድመ ሁኔታ እንዲያደርግ።

«ግዝት መጠይቁ ውስጥ አለ?» አሉኝ።

«የለም። መጠይቁን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ጎድሎብኛል።»

«ድርጅት በሃይማኖት አይገባም፣ ዶክተር። ለፈረንጆቹስ ምን ብለን እንተረጉመዋለን?»

ከተረጎሙት በኋላ አየሁት፦ «ከክርስትና እናቷ ጋር የምትኖር የቤተሰብ አባል።» እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ስሜ ከሥሩ ታትሟል፤ ይሰረዝ ብዬ ስጠይቅ ጽሑፉ ተልኳል ተባልሁ። ስለ ልጅቷ ስጠይቅ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ በኮሪደሩ ላይ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «እሱን ለእኔ ተዪው፤ ሰው ልኬአለሁ» አሉኝ። አመንኋቸው ማለት አልችልም። ማመን ተስማማኝ።

እኅቷ በጥር ወለደች። ሕፃኑ ተርፏል፤ እናቱ አልተረፈችም። በየካቲት ሆቴሉ የማጠቢያ ማሽን አስገባና ለአክስቴ አንሶላ መላኩን አቆመ። በዚያው ሳምንት አክስቴ ከቄሱ ዘንድ ሄደው ግዝቱን አስፈቱ። ልጅቷ ወደ ኮን የሄደችው ያንን ሕፃን ለማሳደግ ነው።

በፋሲካ አክስቴን ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። ከሆቴሉ ወይም ከድርጅቱ የመጣ ሰው ነበር?

«ማንም አልመጣም» አሉኝ። «አንቺ ዘመድ ነሽ፤ ዘመድ እምቢ ይባላል። እንጀራዬን የያዘው ሆቴል ፍቺያት ቢለኝ ግን ሳይነጋ ከቄሱ ደጅ እቆም ነበር።»

ይህን ከሰማሁ በኋላም በዚያ ድርጅት አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። መልቀቄን እንደ ጀግንነት ሊቆጥርልኝ የሚፈልግ ካለ፣ በመጀመሪያ ያንን ዓመት ይቁጠር። የሚያሳፍረኝ አክስቴ ብቻ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር፤ እሳቸው ከባሕር ማዶ ለሚያነብ ሰው የጻፉት የንጽሕና ቃል የለም።

ለዚያ ሥራ አስኪያጅ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ስለ ልማድ፣ ስለ እምነት፣ ስለ ዘመኑ ችግር እንዲያብራሩልኝ አልፈልግም። ከገና በፊት ወደ አክስቴ ቤት ሰው ልኬአለሁ ብለውኛል። የላኩት ማንን ነው? ስሙን ይንገሩኝ፤ የላኩት ሰው ከሌለ ደግሞ «አልላክሁም» ብለው ይጻፉልኝ፣ ከግርጌውም ስማቸውን ያስፍሩ።