አባባ የሚያፏጩት የአውሮፕላን ዜማ

ሙሉው ሙዚቃ ወጣ! ከመገናኛ ወደ ገርጂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ ሳየው ጮህኩ። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ ደንግጠው «ምነው ልጄ፣ ዲቪ ደረሰሽ?» አሉኝ። ከዲቪም ይበልጥብኛል ብዬ ለማስረዳት ጊዜ አልነበረኝም። ለእናንተ ግን ላስረዳ።

አያቴን አባባ ነው የምንላቸው። ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ናቸው። በወጣትነታቸው ስለ ጦር አውሮፕላኖች የተሠራ አንድ የፈረንጅ ፊልም አይተው ሙዚቃውን ከራሱ ከፊልሙ ላይ በካሴት አስቀድተው ነበር። መብራት በሌለበት በረሃ ተመድበው ሲሠሩ እሱን ይሰሙ ነበር። ካሴቱ ከጠፋ ስንት ዘመኑ! አንዱ ዜማ ግን ጢማቸውን ሲላጩ ሁሌ አፋቸው ላይ ነው፤ ቀስ ያለ፣ ሆድ የሚያባባ ፉጨት። «አውሮፕላኖቹ ሲመለሱ የሚሰማው ነው» ይላሉ።

ችግሩ፣ ዜማው የትም አልተገኘም። የፊልሙን የድሮ ሸክላ ኢንተርኔት ላይ አግኝተን አንድ በአንድ ሰማነው፤ የለም። የዳማ ጓደኛቸው፣ ጎረቤታችን ጡረተኛው ሾፌር፣ «አንተ ሰውዬ፣ ራስህ የደረስከውን ዜማ ለምን ለፈረንጅ ትሰጣለህ?» እያሉ ያበሽቋቸዋል። እንስቅ ነበር።

ባለፈው ወር ግን አባባ ከቦሌ መድኃኔዓለም ሲመለሱ መንገዱ ጠፋቸው። ከዚያ ወዲህ እናቴ መድኃኒታቸውን መውሰዳቸውን ሁለቴ ሦስቴ ትጠይቃለች። ቀልዱም ቀልድ መሆኑ ቀረ። አንድ ጠዋት ፉጨቱ መሀል ላይ ሲቋረጥ ሰማሁ። «እኔው ፈጥሬው ይሆናል» አሉ መስታወቱን እያዩ። «እሱን ከፈጠርኩ፣ ሌላውስ የማስታውሰው?» ከዚያ በኋላ አላፏጩም።

ታክሲ ውስጥ ያነበብኩት ታዲያ ይኼ ነበር፦ የድሮው ሸክላ ለገበያ ተብሎ እንደገና የተቀረጸና ብዙ ዜማ የተቀነሰበት ነው፤ አሁን ለፊልሙ የተቀረጸው በሙሉ ወጣ።

ቤት ስደርስ አባባና ጎረቤታችን ዳማ ላይ ናቸው። ስልኬን ከስፒከሩ ጋር አገናኘሁ። አባባ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፣ ምርመራ እንደሚጠብቅ ሰው።

«አይደለም።»

ቀጣዩ። «ይኼም አይደለም።»

በየመሀሉ በላያችን አውሮፕላን ሲያልፍ ሙዚቃውን አቆማለሁ፤ ገርጂ እኮ ነው፣ ኤርፖርቱ አጠገብ። ሲርቅ እንደገና እከፍታለሁ። «አይደለም።» መጨረሻው ላይ ደረስን። አለቀ። ጎረቤታችን አልቀለዱም፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

«በቃ ተይው የኔ ልጅ» አሉ አባባ።

ዝም ማለት ስላቃተኝ ብቻ ጠየቅኩ፤ «አባባ፣ ካሴቱን በምን ነበር የሚሰሙት?»

«በትንሽ ቴፕ ነዋ። በባትሪ ድንጋይ።»

«በዚያ በረሃ ድንጋይ ከየት ታገኙ ነበር?» አሉ ጎረቤታችን።

«ከየት ይመጣል? ያንኑ የደከመውን ባትሪ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ ሲብስበት እንነክሰዋለን። ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ የመጣበት ነበር የሚመስለው» ብለው ትንሽ ሳቁ።

ብድግ አልኩ። ድንጋዩ ሲደክም ቴፑ ይጎተታል፣ ዜማው ይዘገያል! አባባ ዜማውን የሚያውቁት ተጎትቶ ነው!

የስልኩን የማጫወቻ ፍጥነት ቀነስኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አንደኛው፣ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አይደለም። አራተኛው በድሮው ሸክላ ላይ ያልነበረ፣ ቅድም እየሮጠ ያለፈን የሰልፍ ማርሽ ነበር። አሁን እግሩን እየጎተተ መጣ። ጥሩምባው ገና ሲነሳ አባባ ከንፈራቸውን አሾሉ። ፉጨቱና ጥሩምባው ገጠሙ። ያን ጠዋት የተቋረጠበት ቦታ ላይ ደረሱ፤ አለፉት።

እናቴ እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ በር ላይ ቆማ ነበር። ጎረቤታችን፣ «እሺ፣ የፈረንጅ ነው» አሉ። «ግን አንተ ታሳምረዋለህ።»

መንገዱ ዳግመኛ ይጥፋቸው አይጥፋቸው አላውቅም። ጢማቸውን ሲላጩ ግን እንደገና ያፏጫሉ። ይኼን እየጻፍኩ መሆኔን ስነግራቸው፣ «ቤቱ ስም የሌለው ዜማ የሚያፏጭ ሽማግሌ ያለው ሁሉ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ይዞት ይምጣ በያቸው» አሉኝ። እንግዲህ ተጠርታችኋል። ወንበር ግን ይዛችሁ ኑ፣ ሶፋችን ከሦስት ሰው በላይ አይችልም። ፍጥነቱን መቀነስ የኔ ሥራ ነው።