ለግድግዳ የምትመልሰው ልጄ

ፍርሃት የገባኝ አንድ ቅዳሜ፣ ቡራዩ ካለው ቤታችን ጓሮ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ ለእሑድ መጥታ ነበር። እንጨት ላነሣ ስወጣ ፊቷን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ጆሮዎቿን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ትላለች፤ ዝም ትላለች፤ ሰው የነገራት ይመስል አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ደግሞ ትመልሳለች።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ከማንም። ትምህርት ነው፣ እማዬ።»

እንጨቱን ትቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ጎረቤታችን ሽማግሌም በአጥር አይተዋት ኖሮ፣ «ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ሆለታ ያለው የእኅቴ ልጅም እንዲሁ ነው የጀመረው» አሉኝ። «ትምህርት አናት ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ለብቻ ያስወራል። ኋላ ልብስ ያስጥላል።»

«አያሟርቱብኝ፣ አባባ!»

«እኔ ምን አልኩ? ሳይብስባት ከትምህርቱ አስወጫት ነው ያልኩሽ።»

እሷ ሰኞ ማለዳ ሄደች። እኔ እህል አልወርድ አለኝ። ማክሰኞ ልብሷን የምከትበት ባዶ ዘንቢል ይዤ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲዋ ልሄድ ከአምቦ በሚመጣው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አስወጥቼ ጠበል ልወስዳት ቆርጫለሁ።

የዩኒቨርሲቲው ዘበኛ ጠይቆ አጠያይቆ አንድ መስኮት ድረስ አደረሰኝ። ወደ ውስጥ ባይ፣ ተማሪው ሁሉ በጣውላ ተከልሎ ለየብቻው ተቀምጧል። ጆሮው ላይ ሽቦ ያለው ጥቁር ነገር ደፍቶ አፉን ያንቀሳቅሳል። ማንም ማንንም አያይም። ልጄም መሃላቸው ናት።

«ሁሉንም ለክፏቸዋል!» ብዬ ጮኽኩ።

ዘበኛው በሳቅ ሞተ። «አይ እናቴ! ቴፕ ነው። የፈረንጁ ድምፅ እዚያ ውስጥ አለ፤ እሱ ይናገራል፣ እነሱ ይመልሱለታል።»

ልጄ አፍራ ወጣች።

«መምህሩ ሲናገር አይገባኝም ነበር» አለችኝ። «የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ። ሁለተኛውንም ከወደቅሁ ያባርሩኛል። እዚህ እስኪገባኝ እየመለስኩ እሰማለሁ። ቤት ቴፕ የለ፤ በልቤ የያዝኩትን ነው ለግድግዳው የምለው።»

«ጆሮሽንስ ለምን ትይዣለሽ?»

«የእናንተ ጫጫታ ያጠፋብኛላ!»

አስገብታ ያንን ነገር ጆሮዬ ላይ ደፋችልኝ። አንድ ሰውዬ እዚሁ አጠገቤ ተናገረ። «አቤት!» አልኩት። ልጄ በሳቅ ፈረሰች። አሳሳቋ የድሮው ነው፤ ይኼኔ ልቤ ተመለሰ።

ማታ ሽማግሌው ባዶውን ዘንቢል አይተው፣ «የታለች?» አሉኝ።

«ትምህርቷ ላይ ናት፣ አባባ። ከእንግዲህ ቅዳሜ ጓሮው የሷ ነው፤ አንቱም በአጥር እንዳያዩብኝ።»

ቤት ገብቼ እራቴን በላሁ። ልጄ አላበደችም፤ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።