ከግንቡ ጀርባ

ያ ሰውዬ ያቅለሸልሸኛል። የሰው ዕቃ በኮንትራት የሚያመላልሰው ድርጅት አሠራሩን እንዲያዘምንለት የቀጠረው ነው። ሸሚዙ ጉድፍ አያውቅም፤ ሽቶው ቀድሞት ይገባል። የጫኚዎቹን እጅ ጨብጦ ገና ዞር ሳይል ከኪሱ አልኮል አውጥቶ መዳፉን ያሻል።

እሱ ባመጣው ዘዴ፣ መኪና ከግቢው በር ሲወጣ ስክሪኑ በራሱ «ሄዷል» ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሾፌር ሲጠፋ፣ የተጫነውን መኪና ከበር ያወጡና ከግንቡ ጀርባ ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። ስክሪኑ ላይ ሥራው ሰምሯል። አለቆቹም ሸልመውታል አሉ!

ሌላ ከተማ ላለ ደንበኛዬ እንዲያደርሱልኝ ያስጫንኩት ዓሣ እዚያው በስብሶ፣ ከመኪናው በር ሥር ቡናማ ውሃ ሲያንጠባጥብ አገኘሁት። ዝንቡ አይጣል ነው። ሰውዬውን እጁን ይዤ ወስጄ አሳየሁት። አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቀነው።

«ወንድሜ፣ ያንተ ዕቃ እኮ ከትናንት ወዲያ ሄዷል።»



አመሻሽ ላይ ወደ ቤቴ ስሄድ ያንኑ ሰውዬ መንገድ ዳር አየሁት። የአንድ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሾፌር መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ፣ በፎጣ የተጠቀለለ መድኃኒት ያቀብላል። ድምፁ የሕፃን ድምፅ ሆኗል።

«አደራህን፣ ለእናቴ ነው። በእጇ ስጥልኝ።»

«የራሳችሁ መኪና ወደዚያ አይሄድም እንዴ?» አለው ሾፌሩ።

ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አደረገ።

«ተወኝ እባክህ፤ ይሄ መድረስ አለበት።»