ከትሪየስተ እስከ ባሪ በፍልሰታ ጾም

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያንን ዘመን የቀሰቀሰብኝ ባለፈው ቅዳሜ ዙሪክ ውስጥ፣ ላንግሽትራሰ በሚባለው መንገድ ላይ፣ ከአንድ የአፍሪካ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ ደጃፍ የተደረደረ የቲማቲም ሳጥን ነው። ፀሐይ ሲመታው የዋለ፣ ከልክ በላይ የበሰለ፣ ግማሹም የፈነዳ ቲማቲም። ሽታው ጣፋጭም ጎምዛዛም ነው። ትራሙ እያቃጨለ አለፈኝ፣ ሻጩም "እህቴ፣ ውሰጂው፣ በግማሽ ዋጋ!" አለኝ፤ እኔ ግን እዚያ አልነበርኩም። ጣሊያን አገር፣ ከባሕሩ ጥግ ባለች አንዲት ትንሽ ባቡር ጣቢያ፣ ሁለት ሻንጣ አቅፌ አክስቴን እየጠበቅኩ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ከአክስቴ ጋር ዙሪክ አጠገብ፣ አድሊስቪል ነበር የምንኖረው። እሷ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ልብስ ታጥባለች፣ ትተኩሳለች። እኔ ደግሞ ዙሪክ ውስጥ የዳቦ ጋጋሪነት ሌሬ፣ የሙያ ሥልጠና ማለት ነው፣ ጀምሬያለሁ፤ ጥቂት ቀን ሥራ፣ ጥቂት ቀን ትምህርት። አክስቴ ፊደል አልቆጠረችም። አንሶላ ማጠፍ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ አብረዋት የሚያጥፉት ደግሞ ከደቡብ ጣሊያን የመጡ ሴቶች ነበሩ። ጫፍና ጫፉን ይዘው እየተራመዱ፣ እየተገናኙ፣ እየተመለሱ፣ ስለ ባሕራቸው ለዓመታት ሲያወሩላት ጣሊያንኛውን ከአፋቸው ለቀመችው። ጀርመንኛዋ ከሰላምታ ብዙም አላለፈ፤ በጣሊያንኛ ግን ቀልድ ታውቅ ነበር።

ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ የሚኖረው ጄኔቭ ነው፤ ኦኔ በሚባለው ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ፎቆች ባንዱ፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር። አውቶቡስ ይነዳል። ከጉዟችን በፊት በነበረው የብርድ ወራት አክስቴ ባቡር ተሳስታ ሻፍሃውዘን ድረስ ሄዳ፣ በረዶ ላይ ቆማ ደውላለት፣ ሥራውን ጥሎ አገር አቋርጦ አምጥቷት ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩን ጨረሰ።

"አንድ ክፍል ለቅቄልሻለሁ፤ አልጋም ገዝቻለሁ" አላት። "ማንበብ የማትችል ሴት ብቻዋን ምን ትሠራለች?"

"ብቻዬን አይደለሁም፤ ልጅቷ አለች። ደግሞ ወንድም ጋሼ፣ እኔ ቁልፌን ወድጄዋለሁ።"

"የምን ቁልፍ?"

"የቤቴን!"

ያ ዓመት የመኖሪያ ፈቃዷ ከጊዜያዊው ኤፍ ወደ ቤ ተቀይሮ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከስዊስ መውጣት የተፈቀደላት ዓመት ነው። እናም እንደ ዘበት፣ "የነዚያን ሴቶች ባሕር ከላይ እስከ ታች አይቼ እመጣለሁ፤ ዐሥር ቀን" አለች።

አጎቴ ሳቀ። "ሻፍሃውዘን ላይ የጠፋሽው ሴት!"

"ዐሥሩን ቀን 'ድረስልኝ' ሳልልህ ከተመለስኩስ?"

"አፌን እይዛለሁ። ግን አንድ ጊዜ እንኳ ብትደውሉ፣ አንቺም ብትሆኚ እሷም ብትሆን፣ ዕቃሽን ጠቅልለሽ ኦኔ ነው።"

እኔን ማን ጠየቀኝ? እሷ ኦኔ ከገባች ለብቻዬ ቤት መከራየት አልችልም፤ ሌሬዬን ጥዬ ፈረንሳይኛ ከሀ ሁ መጀመር ነው ዕጣዬ። በጉዞው ዋዜማ አክስቴ ስልኳን አጥፍታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። "ከያዝኩት ጣቴ ይከዳኛል" አለች። የእኔ ስልክ ለሰዓት ማያ ብቻ ተፈቀደልኝ።

ከባሕሩ አናት እስካለችው እስከ ትሪየስተ በርካሹ አውቶቡስ ሄድን። ከዚያ ወዲያ በቀርፋፋው ባቡር ብቻ፤ ከሁሉ ርካሹ እሱ ነው፣ በየመንደሩ እየቆመ ነው የሚሄደው። ከሪሚኒ በኋላ ሐዲዱ ባሕሩን ተጠግቶ ይወርዳል። መስኮቱ ተከፍቶ የጨው ሽታ ከጋለ ብረት ሽታ ጋር እየተቀላቀለ ይገባል፣ ብርሃኑ ከውሃው ላይ እየነጠረ በባቡሩ ጣራ ላይ ይርገበገባል። አክስቴ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ታያለች። "አልዋሹኝም" ትላለች። "እነዚያ ሴቶች አንዲት ቃል አልዋሹኝም።"

ጊዜው ፍልሰታ ነበር። ርካሽ ጉዞ የሚያስብ ሰው በጾም ይሂድ ነው የምለው። ሥጋው የለ፣ ወተቱ የለ፤ ዳቦና ቲማቲም፣ ዘይትና ጨው፣ ከሌለም በሶ። በየጣቢያው ቧንቧ ውሃ ቀድተን በሶ ስንበጠብጥ ጣሊያኖቹ ሲሚንቶ የምናቦካ ይመስል ያዩናል። አክስቴ ታዲያ "እንብላ!" ትላቸዋለች፣ ባቡር ሙሉ ሰው። አንድ ትኬት ተቆጣጣሪ የእውነት መስሎት ተቀምጦ በላ። በሶው ጉሮሮውን ሲይዘው ጀርባውን የመታችለት እሷ ናት።

እንዴት እንደምትጓዝ ብታዩ! የምንወርድበት ጣቢያ ስንተኛ እንደሆነ አንዴ ካስቆጠረችኝ በቃ፤ የክብሪት እንጨቶች በግራ ኪሷ ትይዛለች፣ ባቡሩ በቆመ ቁጥር አንዷን ወደ ቀኝ ኪሷ ታዛውራለች። የግራው ባዶ ሲሆን ትነሣለች። እኔ የተማርኩት ሁለቴ አሳልፌ ነበር፤ እሷ አንዴም አልሳተች። ማደሪያ ስትፈልግ ቤተ ክርስቲያን የምትጠርግ ሴት ትፈልጋለች። "የምትጠርግ ሴት የከተማውን ሁሉ ክፍል ታውቃለች" ትላለች፤ እውነቷን ነው። ቀን ቀን ደግሞ የኪራይ ጃንጥላ ከተደረደረበት የባሕር ዳርቻ አልፈን በነፃው ጥግ ነጠላዋን በሁለት እንጨት ወጥረን እንተኛለን። እስከ ጉልበቷ ድረስ ውሃው ውስጥ ገብታ ቀሚሷን ይዛ ስትቆም እንደ እሷ ያለ ሰው ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሰባተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ከፔስካራ ወደ ደቡብ ስንወርድ ባዶ ጠርሙሶች በካርቶን የያዙ፣ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ አሮጊት አጠገባችን ተቀመጡ። ከአክስቴ ጋር ወሬ ያዙ። የእንግዳ ማደሪያ እንዳልያዝን ሲሰሙ፣ በዚያ ሳምንት ጣሊያን ሁሉ እረፍት ወጥቶ አንድም ክፍል እንደማይገኝ ነገሩን። ከዚያ፦ "እኔ ዘንድ ባዶ ክፍል አለ። ኑ እደሩ።"

አክስቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "አይ፣ አይሆንም፤ ምን ብለን እናስቸግርዎ" አለች።

አሮጊቷ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው "እሺ" አሉ። ባቡሩ ቆመ፤ ካርቶናቸውን አንሥተው፣ በእጃቸው ሰላም ብለውን ወረዱ።

አክስቴ ቀዘቀዘች። "እንዴ! ሄዱ እኮ!"

"አንቺ ነሽ እምቢ ያልሽው።"

"እንዲለምኑኝ ነዋ! ሰው አንዴ እምቢ ሲባል ይሄዳል? በሞቴ የለ፣ አፈር ስሆን የለ!" ሻንጣ በሻንጣ ተደናቅፈን፣ በሩ ሊዘጋ ሲል ዘለን ወረድን። አሮጊቷ የሉም። ጣቢያው ሁለት አግዳሚ፣ አንድ ቧንቧ፣ ከሐዲዱ ማዶ የጓሮ አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ባሕሩ። ሌላ ምንም።

"ዕቃው ጋ ቁጭ በይ፤ ፈልጌያቸው እመጣለሁ" ብላ ሄደች። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነበር።

ስምንት ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ። ሲካዳ የሚሏቸው የዛፍ ነፍሳት ይጮሃሉ፣ ሐዲዱ በሙቀት ይንቀጠቀጣል። ስልክ የላት፣ ማንበብ አትችል፤ የጣቢያውን ስም እንኳ አልነገርኳትም ብዬ ደነገጥኩ። ክብሪቶቿም ለባቡር እንጂ ለመንገድ አይሆኑም። በረዶ ላይ የቆመችበት ቀን ታየኝ። ዐሥር ሰዓት ሲሆን አለቀስኩ፤ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ አክስቴ ጠፋች።"

"የት ናችሁ?"

ከግድግዳው ላይ የጣቢያውን ስም ፊደል በፊደል አነበብኩለት። ከበስተጀርባው የአውቶቡስ በር ሲተነፍስ ይሰማኛል።

"ስሚኝ" አለ። "አንቺ ለማንም አልደወልሽም። እኔም የሰማሁት ነገር የለም። ካለሽበት እንዳትነቃነቂ።" ዘጋው።

ምን ዓይነት ልብ ነው ብዬ ስልኩን ትኩር ብዬ አየሁት። ለውርርድ ብሎ እህቱን ይጥላል? ብዙ ዓመት ይህንን ቂም አድርጌ ይዤው ኖርኩ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ እኛ ባጃጅ የምንለውን የመሰለች ባለሦስት እግር መኪና ቲማቲም ተጭና እየተንገጫገጨች መጣች። ሾፌሩ ጢማም ጎልማሳ፣ የአሮጊቷ ልጅ ነው፤ ከጎኑ ተጣብቃ የተቀመጠችው አክስቴ ናት፤ ጭኗ ላይ ሐብሐብ ይዛለች።

"የሚያነክሱ፣ ጠርሙስ የያዙ ሴት እያልኩ ስንት በር አንኳኳሁ መሰለሽ! ቤታቸው ለካ እዚሁ ነው፤ ከሐዲዱ ማዶ ያ አጥር! ጠርሙሱን እንደያዙ ቲማቲም ለማስጫን ልጃቸው ዘንድ ሄደው ነው እንጂ።" ከዚያ ፊቴን አየችው። "አለቀስሽ እንዴ?"

"ላብ ነው።"

"ደወልሽ?"

"አልደወልኩም" አልኳት።

ለአጎቴ "መጥታለች፤ ደህና ነን" ብዬ ተደብቄ ጻፍኩለት። መልስ አልላከም።

አሮጊቷ ነገሩ ሲገባቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። አክስቴ ደግሞ ልማዳችንን አስረዳቻቸው፦ የመጀመሪያው እምቢታ ለክብር፣ ሁለተኛው ለይሉኝታ፣ ሦስተኛው ላይ ይገባል። ማታ አይብ ሲያቀርቡልን አክስቴ በጾሙ ምክንያት እምቢ አለች። አሮጊቷ ሳህኑን በአየር ላይ እንደያዙ ዐይናቸውን አጠበቡ፦ "ይሄኛው ስንተኛው እምቢ ነው?"

በማግስቱ፣ እሑድ፣ የዓመት የቲማቲም ድልሃቸውን የሚያዘጋጁበት ቀን ነበር። ጓሮው ውስጥ በርሜል የሚያህል ብረት ድስት እሳት ላይ ተጥዷል። ጎረቤት ሁሉ መጥቷል፤ የሚያጥብ፣ የሚጨምቅ፣ ጠርሙስ የሚሞላ። አክስቴ እጅጌዋን ሰብስባ ገባችበት። እኩለ ቀን ላይ ድስቱን የምታማስለው እሷ ነበረች፤ የሚሠሩትን ሴቶች ቦታ ቦታ የምታስይዘውም እሷ። እስከ ክርኗ ቀልታለች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖት ከውስጡ ሳቋ ብቻ ይሰማል፤ የአድሊስቪል ጎረቤት እንዳይረበሽ ስትል አፍና የምትኖረው ሳቅ። ባቡሮች በአጥሩ ማዶ ሲቆሙና ሲሄዱ ቀና ብሎ ያየ ሰው አልነበረም።

ባሪ ደረስን። በዐሥረኛው ቀን ቤታችን ገባን። አክስቴ ስልኳን ከመሳቢያ አውጥታ ኦኔ ደወለች።

"መጣሁ" አለችው።

"እንኳን ደህና ገባሽ" አላት። "አሸንፈሻል።"

ይኸው ነው። የኦኔን ነገር ሁለተኛ አላነሣም፤ አልጋውን ለልጁ ሰጠው። አክስቴ ዛሬም አድሊስቪል፣ እዚያው ቤት ናት። እኔ ሌሬዬን ጨረስኩ። የዋሸኋትን ግን ዳቦ ባቦካሁ ቁጥር አስበው ነበር፦ አሸናፊነቷን የሰረቅኩባት ይመስለኝ ነበር፤ እሱም ዝም ያለው ስለናቀን ይመስለኝ ነበር።

አምና በፋሲካ ኦኔ ሄጄ፣ ከአጎቴ ሚስት ጋር ዕቃ ስናጥብ አወጣሁት። "ያኔ ደውዬለት እኮ ነበር" አልኳት። "ዘጋብኝ።"

እጇን ከውሃው ሳታወጣ አየችኝ። "አንቺ የምታውቂ መስሎኝ ነበር" አለች።

እንደነገረችኝ፣ የዚያን ቀን አጎቴ ተራውን ለጓደኛው ሰጥቶ፣ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር የሚላኖን ባቡር ያዘ። "መጥታለች" የሚለው መልእክቴ ሲደርሰው ገና ከስዊስ አልወጣም። ሚስቱ ውረድና ተመለስ አለችው። "በዐይኔ ሳላያት አልመለስም" አላት። ሚላኖ ጣቢያ አደረ። እሑድ ቀትር አልፎ እዚያች ጣቢያ ወረደና፣ ከሐዲዱ ማዶ ከአጥሩ በላይ እህቱን አያት። ሊጠራት አፉን ከፍቶ ነበር። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ፣ የሰሜኑ ባቡር እስኪመጣ አንድ ሰዓት ያህል ስትስቅ አዳመጣት። ባቡሩ ሰው ሞልቶበት ስለነበር እስከ ሚላኖ ቆሞ ሄደ። ሰኞ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሱን አስነሣ።