የማን ጥርስ ነው?

አልትራሳውንድ ክፍል የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ሲስተር አስካለ መጀመሪያ ያሳዩኝ ማሽኑን ሳይሆን መስኮቱን ነበር። ስክሪኑ ላይ ብርሃን እንዳያርፍ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። እኩለ ቀን ላይ እንኳ በዚያ ክፍል የሚታየው የስክሪኑ መብራትና የተኛችው ሴት ዓይን ብቻ ነው።

«እዚህ የምትተኛ ሴት የምታየው ነገር ስለሌላት ጆሮዋ ይበረታል» አሉኝ። «ይህ በእጅ የሚያዘው ፕሮብ ሆዷ ላይ እያለ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ። ለኪ፣ ጻፊ፣ ጄሉን ጥረጊላት፣ ተነሥታ ትቀመጥ። ከዚያ ሁሉንም ትነግሪያታለሽ።»

ያኔ አዋላጅ ነርስ ሆኜ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። መንዝ ውስጥ ያልረገጥኩት ጤና ኬላ የለም ብዬ የምኮራ ሰው ስለነበርኩ ዝም በይ መባሌ ከነከነኝ። በልቤ «እኚህ ሴትዮ ማሽኑን ታቦት አደረጉት» አልኩ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ክፍሉ ለእኔ ቀረ። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ደስ ይላል። አንድ ሽማግሌ እርጉዝ በጋቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው መጥተው «እቺንም እዪልኝ፣ መንታ ከሆነ አልሸጣትም» ብለውኛል። ዘበኛው ሊመልሳቸው ሲሟገት እኔ ከሳቄ የተነሣ ቀጣይዋን ሴት መጥራት አቅቶኝ ነበር።

ትርንጎ የመጣችው ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ ሳይነሣ በዋለበት ቀን ነው። ቤቷ ጓሳ ጥግ ነው፤ ከባሏ ከደምሴ ጋር አራት ሰዓት ተጉዘው ደረሱ። ዕድሜዋ ሠላሳ ገደማ ነው። ካገባች ሰባት ዓመቷ ቢሆንም ልጅ አልወለደችም። ሆዷ በቀኝ በኩል ከብዷታል፣ የወር አበባዋም ዘግይቷል፣ ስለዚህ ተስፋ አድርጋ ነው የመጣችው።

ጄሉን ቀብቼ ፕሮቡን አሳረፍኩ። ማህፀኗ ባዶ ነው። ወደ ቀኝ ሳዞር ግን የእንቁላል ማምረቻዋ ላይ አንድ ክብ ነገር አየሁ። እዚያ ቦታ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ማየት ብርቅ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ብዙውም በራሱ ይጠፋል። ይኼኛው ጥቁር አልነበረም። ውስጡ የተበተነ ጠጉር በሚመስሉ ቀጫጭን ነጭ መስመሮች ተሞልቷል። ጥጉ ላይ ደግሞ በጣም የነጣ አንድ ነጥብ አለ፣ ከኋላውም ጥላ ጥሏል። እንዲህ ያለውን በመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር።

«ጥርስ» አልኩ።

ለራሴ ነበር ያልኩት፤ ድምፄ ግን ወጥቷል። ወዲያው መብራት ጠፋ። ሆስፒታላችን ውስጥ መብራት በቀን ሦስቴ ስለሚጠፋ በሌላ ቀን ቢሆን ልብም አልለውም ነበር። ያን ቀን ግን ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ሁለታችንም ጨለማው ውስጥ ቆየን። እጄ ሆዷ ላይ ነው። ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

«የማን ጥርስ ነው፣ ሲስተር?»

መብራቱ ሲመጣ ማሽኑን አስነሥቼ ለካሁ፤ ስድስት ሴንቲ ሜትር። ጄሉን ጠርጌ አስቀመጥኳትና ማስረዳት ጀመርኩ። ልጅ እንዳልሆነ ነገርኳት። ቆዳ መሆን የነበረበት የገላ ክፍል ቦታውን ስቶ እዚያ ሲቀር ጠጉርም፣ ስብም፣ ጥርስም ሊያበቅል እንደሚችል፣ ክፉ በሽታ የመሆኑ ዕድል ትንሽ እንደሆነ፣ በራሱ ግን እንደማይጠፋ ነገርኳት። በሦስት ወር ተመልሳ ትታይ፣ ካደገ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሪፈር እንጽፋለን አልኩ። የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። እሷ የሰማችው ግን አንዷን ቃል ብቻ ነው።

በሦስት ወሯ ከደምሴ ጋር ተመለሰች። ከረጢቱ ሰባት ተኩል ሴንቲ ሜትር ሆኗል። በዚህኛው ጊዜ አፌን ዘግቼ ጨረስኩ፣ አስቀመጥኳት፣ ከዚያ «አድጓል» አልኳት።

ፈገግ አለች። ለእርጉዞች «አድጓል» ስል ያንን ፈገግታ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። እሷ ፊት ላይ ሳየው ግን ስህተቴ ገባኝ። ለልጅ የምንለውን ቃል ሳላስብ ለከረጢት ሰጥቼው ነበር።

«በጾም ቀን አይነካኝም» አለችኝ። «በፍስክ ቀን ነው የሚነክሰኝ።»

ደብረ ብርሃን ለሚሠራ የማህፀን ሐኪም ደወልኩ። «ይህን ያህል እያደገ ከሆነ አትጠብቁ» አለኝ። «አሁን ከመጣች ከረጢቱን ብቻ ፈልቅቄ የእንቁላል ማምረቻዋን ለማትረፍ እሞክራለሁ። ከተጠመዘዘ ግን የእንቁላል ማምረቻዋ ደም ይቋረጥበትና ይሞታል፤ ያኔ አብሮ ይወጣል።» ይህንኑ ለሁለቱም ነገርኳቸው። ልጅ ለምትፈልግ ሴት ሁለቱ መንገዶች ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማንም ግልጽ ነው። ሪፈሩን ጻፍኩላት፣ አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

«ከወጣ በኋላ የት ይጣላል?» አለችኝ።

«ጥቂቱ ላቦራቶሪ ይሄዳል። የቀረው እንደ እንግዴ ልጅ ጉድጓድ ይገባል።»

«ጥርስ ያበቀለ ነገር ያለ ክርስትና ጉድጓድ ይጣላል?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ደምሴ ወደ ኋላ ቀርቶ የሆነውን ነገረኝ። ትርንጎ ያልኩትን ለአማቷ ነግራለች፣ አማቷ ለጎረቤት። አሁን የሰፈሩ ሴቶች ልጆቻቸውን አያሳቅፏትም። ዘመሮ ገበያም ቅቤዋን ቀምሶ የሚገዛት ጠፍቷል። «ጥርስ ያለው አርግዛለች ይሏታል፣ ሲስተር። እሷም አምናዋለች» አለኝ። ያን ቀን ራሴን ጠላሁት።

ደብረ ብርሃን ሳትሄድ ቀጠሮዋ አለፈ። ከሳምንት በኋላ ደምሴ ብቻውን መጣ። አንድ ጠዋት ሙሉ ወገቧን ይዛ ስትጮህና ስታስመልስ ቆይታ በድንገት እንደተዋት ነገረኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ተጠምዝዞ ራሱ ተመልሷል። ዳግመኛ ከተጠመዘዘ ግን ላይመለስ ይችላል።

የሆስፒታሉ ኃላፊ ዘንድ ገብቼ ፈቃድ ጠየቅኩ።

«የአልትራሳውንድ ባለሙያ ቤት ለቤት አይዞርም» አለኝ። «ለጤና ኤክስቴንሽኗ ደውይላት።»

«ቃሉ የወጣው ከእኔ አፍ ነው» አልኩት።

ፈቃዱ ላይ ፈረመ።

ከደምሴ ጋር ወደ ጓሳ ወጣን። እኔ ፈረሱ ላይ ነኝ፣ እሱ ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይሄዳል። ጉሙ ከወረደ በኋላ ከፈረሱ ጆሮ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም። ጅብራዎቹ በየመንገዱ ዳር ሰው መስለው ይቆማሉ፤ ስንጠጋቸው ተክል ይሆናሉ፣ ስናልፋቸው ደግሞ እንደገና ሰው ይመስላሉ። ጅብራ ሳይ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ወደ ኋላ መዞር ፈራሁ።

«ይህ ፈረስ ትርንጎን አላስቀምጥ ካለ ሁለት ወር ሆነው» አለኝ ደምሴ። ቀኟን እንዳያማት ወደ ግራ ተጋድማ ስለምትቀመጥ ይሆናል አልኩት።

ቤት ስንደርስ የንስሐ አባቷ መምሬ ኃይሌ ቀድመውን ተቀምጠዋል። ትርንጎ መደብ ላይ ናት። ከስታለች፣ ሆዷ ብቻ ቀርቷል። አጠገቧ የገብስ ቆሎ በሰፌድ ቀርቦ ሳይነካ ተቀምጧል።

«ለምን አትበዪም?» አልኳት።

«ስቆረጥም አብሮኝ ይቆረጥማል» አለች። «ካላመኑኝ ያድምጡት።»

ቀንድ የመሰለችውን የፅንስ ማዳመጫ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ልታምነኝ የምትችለው ካዳመጥኩላት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ቀኝ ሆዷ ላይ አስደግፌ ጆሮዬን አሳረፍኩ። መጀመሪያ የአንጀቷን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ቀርፋፋ፣ ደረቅ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ። በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኔ ማዳመጫውን ጥዬ ልሮጥ የፈለግኩት ያኔ ብቻ ነው።

አልሮጥኩም። ጆሮዬን ሳላነሣ ዓይኔን ወደ ፊቷ አዞርኩ። አፏ ተዘግቷል፣ መንጋጋዋ ግን ወዲህና ወዲያ ይሄዳል። ድምፁ የሚመጣው ማዳመጫውን በደገፍኩበት ጆሮዬ ሳይሆን በሌላው በኩል ነበር። ጥርሷን እያፋጨች ነው። እሷ አታውቀውም።

እጄን ዘርግቼ መንጋጋዋን ያዝኩት። ድምፁ ቆመ። የእሷን እጅ አንሥቼ እዚያው ላይ አሳረፍኩና ለቀቅኩት። ትንሽ ቆይቶ መንጋጋዋ በመዳፏ ሥር መንቀሳቀስ ሲጀምር ደነገጠች።

መምሬ ኃይሌ ወደ መደቡ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ ልብ አለው?» አሉኝ።

«የለውም፣ አባቴ።»

«እስትንፋስስ?»

«የለውም። ጠጉርና ስብ ነው። አንድ ጥርስም አለው።»

ወደ እሷ ዞሩ። «የወለቀ ጥርስ ክርስትና አናነሣም፣ ትርንጎ። እኔም ሦስት አውልቄያለሁ፣ አንዱንም አላጠመቅሁት።»

ደምሴ ሳያስበው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እኔን ነበር የምታየው።

«የማን ጥርስ ነው?» አለችኝ እንደገና።

ያን ቀን ጨለማ ውስጥ ልነግራት የሚገባው መልስ አንድ ቃል ብቻ ነበር። «የአንቺው» አልኳት። «ያንቺ ገላ ያበቀለው ያንቺው ጥርስ ነው። ሌላ ማንም የለበትም።»

ብዙ አለቀሰች። ሰባት ዓመት ስትጠብቀው የነበረው ልጅ እንዳልሆነ በሚገባት ቃል የነገርኳት ያኔ ነው፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። እንባዋን ስትጨርስ ሪፈሩን ከደረቷ አወጣች። በላብ ርሶ ደርቆ ጽሑፉ ደብዝዟል። «ጥርሱን ግን ለእኔ ይስጡኝ፣ ጉድጓድ አይግባ» አለች። ሐኪሙን እለምናለሁ አልኳት፣ በማግስቱም ጠዋት ወረድን።

ቀዶ ሕክምናው ደብረ ብርሃን ተደረገ። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ደርሶ ነበር። ሐኪሙ ከረጢቱን ፈልቅቆ ከእንቁላል ማምረቻዋ ግማሽ ያህሉን አተረፈላት፤ የግራውም ደህና ነው። ላቦራቶሪው ክፉ ነገር የለውም ብሎ ውጤቱን እስኪልክ ቆየ። ከውጤቱ ጋር ጥርሱ በትንሽ ጠርሙስ ተሰጠኝ። የሕፃን ጥርስ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ያደገ ሰው የመንጋጋ ጥርስ ነው።

ቀን መርጬ አልሄድኩም፤ መኪና ባገኘሁበት ቀን ጥርሱን ይዤ ወደ ጓሳ ወጣሁ። በኋላ ስቆጥረው ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ሰማንያኛው ቀን ሆኖ አገኘሁት፣ ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣበት ቀን። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

ትርንጎ ጠርሙሱን ከፍታ ጥርሱን መዳፏ ላይ አደረገች። በምላሷ የራሷን የመንጋጋ ጥርሶች ስትዳብስ አየኋት። ከዚያ ደጅ ወጣች፣ ልጅ ሳለን የወተት ጥርሳችንን እንደምንወረውረው የቤቱ የጓሳ ሣር ክዳን ላይ ወረወረችው። ከደምሴ ጋር ሦስታችንም ሲያርፍ ለመስማት ጆሯችንን ሰጠን። ምንም አልተሰማም።

ቤት ገብታ ከሰፌዱ የገብስ ቆሎ ዘገነች። አንድ ጊዜ ቆረጠመችና ቆማ አዳመጠች። ሁለተኛ ቆረጠመች።

«ብቻዬን ነኝ» አለች። ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት መለየት አልቻልኩም። ሁለቱም ይመስለኛል።

ልጅ ወለደች ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ እስካሁን አልወለደችም። ልጆች ግን እንደገና ያሳቅፏታል፣ ፈረሱም ያስቀምጣታል።

አሁን ጡረታ ወጥቼ ወጣቶቹን በሳምንት ሁለት ቀን አሠለጥናለሁ። መጀመሪያ የማሳያቸው መስኮቱን ነው። ፕሮቡ ሆድ ላይ እያለ አትናገሩ እላቸዋለሁ። ስትናገሩ ደግሞ ያያችሁት ነገር የማን እንደሆነ አብራችሁ ንገሯት።